ጸሎትና የቀጠሮ ደብተር፦ ክርስቲያናዊ እምነትን በግል ሕይወትና በሥራ አመራር ላይ የማዋል ዝርዝር መመሪያ

በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 6 ላይ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈው ቅደም ተከተል አለ። የዳንኤል ባላንጣዎች መጀመሪያ የመረመሩት ጸሎቱን ሳይሆን የመንግሥት ሥራውን ነው። ቸልተኝነት ፈለጉበት፣ በደል ፈለጉበት፣ አጡ። ወደ ጸሎቱ የዞሩት ሌላው መንገድ ሁሉ ሲዘጋባቸው ነው። በቀን ሦስት ጊዜ የሚንበረከከው ሰውና በጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ የሚፈርመው ሰው አንድ ሰው ነበር።

አማኝ በሆኑ ኃላፊዎች ዘንድ የሚታየው ችግር አብዛኛውን ጊዜ የእውቀት ማነስ አይደለም። ጸሎቱም አለ፣ ሥራውም አለ፤ የሚገናኙበት ቦታ ግን የለም። ጠዋት ስለ ትዕግሥት ያነበበ ሰው ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ የበታቹን በሰው ፊት ያዋርዳል፤ ግብዝ ሆኖ ሳይሆን፣ ያነበበው ቃል ከ4 ሰዓቱ ስብሰባ ጋር እንዲገናኝ ያደረገው ነገር ስለሌለ ነው። ይህ መመሪያ የሚያተኩረው በዚያ መገናኛ ላይ ነው። 12 ሳምንት ይፈጃል። ሁሉንም በአንድ ሰኞ ለመጀመር የሚሞክር በሦስተኛው ሳምንት ሁሉንም ይተዋል።

መጀመሪያ፦ አንድ ሳምንት ዝም ብሎ ማየት

ነህምያ ኢየሩሳሌም ሲደርስ ስብሰባ አልጠራም። ሦስት ቀን ቆየ፤ ከዚያ በሌሊት ጥቂት ሰዎች ይዞ የፈረሰውን ቅጥር ዞሮ ተመለከተ፤ በልቡ ያለውንም ለማንም አልተናገረም (ነህምያ 2፥11-16)። እርስዎም በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አይለውጡ፣ ለማንም አይንገሩ። አንድ ትንሽ ደብተር ይዘው በየቀኑ ሦስት ነገር ብቻ ይመዝግቡ፦ መቼ ተቆጣሁ፣ መቼ እውነቱን ሸራረፍኩ፣ የትኛውን ሰው ወይም ጉዳይ ሸሸሁ። ሰዓቱንና ቦታውን ይጻፉ፤ ምክንያቱን ለጊዜው ይተዉት።

በሰባተኛው ቀን መዝገቡን ሲያነቡት ነገሩ ይደጋገማል። ቁጣው ሁልጊዜ ከምሳ በፊት ሊሆን ይችላል፤ ውሸቱ ሁልጊዜ ለበላይ በሚላክ ሪፖርት ላይ ሊሆን ይችላል፤ የሚሸሹት ሰው ሁልጊዜ ያው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። ቀጣዮቹ 11 ሳምንታት የሚሠሩት በዚህ ግኝት ላይ ስለሆነ ደብተሩን አይጣሉት።

ከ2ኛው ሳምንት ጀምሮ፦ የጠዋት 25 ደቂቃ

የጽሞና ጊዜን በአንድ ሰዓት መጀመር የተለመደ ስህተት ነው። 25 ደቂቃ ይበቃል፤ 3 ደቂቃ ጸጥታ፣ 10 ደቂቃ ንባብ፣ 5 ደቂቃ ጽሑፍ፣ 7 ደቂቃ ጸሎት። ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር። መጽሐፍ ቅዱስን በስልክ የሚያነቡ ከሆነ ለዚህ ሰዓት የታተመውን ይጠቀሙ፤ ከጥቅሱ ቀጥሎ የሚመጣው መልእክት ከአለቃ ወይም ከደንበኛ ከሆነ ጸሎቱ እዚያው አለቀ።

የንባብ ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል። የማርቆስ ወንጌል 16 ምዕራፍ ነው፤ በቀን ግማሽ ምዕራፍ ቢያነቡ በአንድ ወር ገደማ ይጨርሱታል። ከዚያ የያዕቆብን መልእክት በቀን አሥር ቁጥር ያህል፤ አጭር ነው፣ ነገር ግን ምላስን፣ አድልዎንና ደመወዝን በቀጥታ ስለሚናገር ለኃላፊ ከባድ ንባብ ነው። መጽሐፈ ምሳሌ 31 ምዕራፍ ስላለው ከወሩ ቀን ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ሦስተኛ ወርዎን ለእሱ ይስጡት።

ክፍሉን ሁለት ጊዜ ያንብቡ፣ አንዱን ጊዜ ድምፅ አውጥተው። ከዚያ በደብተሩ ላይ ሦስት መስመር ይጻፉ። የመጀመሪያው መስመር፣ ቃሉ ስለ እግዚአብሔር ምን ይላል? ሁለተኛው፣ እኔን የት ላይ ይነካኛል? ሦስተኛው መስመር የመመሪያው ሁሉ ማጠፊያ ነው፦ ዛሬ ከቀጠሮዬ የትኛውን ይለውጣል?

ለምሳሌ የዕለቱ ንባብ ያዕቆብ 1፥19 ነው እንበል፤ ለመስማት የፈጠነ፣ ለመናገር የዘገየ። በሦስተኛው መስመር ላይ «ዛሬ ታጋሽ እሆናለሁ» ብለው ከጻፉ ምንም አልጻፉም። «በ4 ሰዓቱ የበጀት ስብሰባ ላይ ሁሉም ከተናገረ በኋላ ብቻ እናገራለሁ» ብለው ከጻፉ ግን ማታ አደረግሁ ወይም አላደረግሁም ማለት ይቻላል። ያን ዓረፍተ ነገር በቀጠሮ ደብተሩ ላይ ከስብሰባው ጎን ይገልብጡት። ቃሉ ያለ ሰዓትና ያለ ሰው ስም ከጠዋት አልፎ አይሄድም።

የሚበላሸው የት ነው? አንደኛ፣ የመሪ ንባብ በቀላሉ ለሌላ ሰው የሚሆን ንባብ ይሆናል፤ ጥቅሱን ሲያዩ «ይህ ለእገሌ ነበር» የሚል ሐሳብ ከመጣ እሱን ትተው ወደ ሁለተኛው መስመር ይመለሱ። ሁለተኛ፣ አንድ ቀን ሲያመልጥ በማግሥቱ እጥፍ ለማንበብ መሞከር። አይካሱት፤ ከዕለቱ ገጽ ይቀጥሉ። ዕዳው ሲከማች የጽሞና ጊዜው የሚያስፈራ ሰዓት ይሆናል፣ ሰውም የሚያስፈራውን ይሸሻል። ሦስተኛ፣ እንቅልፍ። እሱ የመንፈሳዊነት ጉዳይ ሳይሆን የመኝታ ሰዓት ጉዳይ ነው።

በቀኑ መካከል፦ ሦስት ማጠፊያዎች

ንጉሡ ነህምያን «ምን ትለምነኛለህ?» ባለው ጊዜ በጥያቄውና በመልሱ መካከል ጸለየ (ነህምያ 2፥4)። ንጉሥ ቆሞ ስለማይጠብቅ ጸሎቱ ከአንድ ዓረፍተ ነገር ሊበልጥ አይችልም። ነገር ግን ከዚያ በፊት ከካሴሉ ወር እስከ ኒሳን አራት ወር ያህል ሲጸልይ ቆይቷል። አጭሩ ጸሎት ያለ ረጅሙ ብዙ ጊዜ ድንጋጤ ብቻ ነው።

ሦስት ቦታዎችን ይምረጡ፦ የስብሰባ በር ከመክፈትዎ በፊት፣ ከመፈረምዎ በፊት፣ ተቆጥተው የጻፉትን መልእክት ከመላክዎ በፊት። በእያንዳንዱ ቦታ አንድ ትንፋሽ ይውሰዱና የራስዎ የሆነች አጭር ጸሎት ይበሉ። «ጌታ ሆይ፣ ይህን ሰው እንደ አንተ ልየው» ትበቃለች። አንዷን ቃል ለ12 ሳምንት አይለውጧት፤ በጭንቅ ሰዓት የምትመጣው የተለመደችው ናት።

ስለ ቁጣው መልእክት አንድ ነገር እንጨምር። ብዙዎች «አሳድረው» ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ «በቍጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» የሚለውን ኤፌሶን 4፥26 ይጠቅሳሉ። አይጋጩም። መልእክቱ ይደር፤ ቁጣው ግን አይደር። የሥራ ቀኑ ሳያልቅ ወደ ሰውየው ሄደው ወይም ደውለው ይነጋገሩ፣ ረቂቁን በማግሥቱ ሲያዩት አብዛኛውን ጊዜ ይሰርዙታል።

የማታ 10 ደቂቃ፦ ሒሳብ መዝጋት

በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኢየሱሳውያን (ጄዝዊት) ማኅበር መሥራች ኢግናጢዮስ ዘሎዮላ ያስተማረው የኅሊና ምርመራ አምስት ክፍል አለው፦ ማመስገን፣ ብርሃን መለመን፣ ቀኑን መቃኘት፣ ይቅርታ መጠየቅ፣ ለነገ መወሰን። ለኃላፊ የምንመክረው አንድ ለውጥ ብቻ ነው፤ ቀኑን በክንውን ሳይሆን በሰው ይቃኙት። ዛሬ ያገኟቸውን ሰዎች ፊት አንድ በአንድ ያስታውሱ፤ ከእርስዎ ሲወጡ ፊታቸው ምን ይመስል ነበር? ክንውን ሲቃኙ ራስዎን ያመሰግናሉ ወይም ይወቅሳሉ፤ ፊት ሲቃኙ ግን የበደሉትን ሰው ያገኙታል።

ካገኙት ደግሞ ለእግዚአብሔር ብቻ ተናዘው አይተኙ። ማቴዎስ 5፥23-24 መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ መጀመሪያ ከወንድም ጋር መታረቅን ያዛል። በ24 ሰዓት ውስጥ ይቅርታ ይጠይቁ፤ አጠያየቁም ሥርዓት አለው። የመሪዎች ይቅርታ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይባላል፦ «ቅር ካሰኘሁህ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።» በዚህ ውስጥ ጥፋት የለም፣ ጥፋተኛም የለም፤ ጥፋቱ የተቀየመው ሰው ነው። ትክክለኛው አራት ነገር ይይዛል፦ የተደረገው ነገር በስሙ፣ ጉዳቱ፣ ያለ «ግን» የሆነ ኃላፊነት፣ ማካካሻው። እንዲህ፦

«ትናንት በስብሰባው ላይ ሪፖርትሽን ሳላነብ ተቸሁት። በሰው ፊት ልፋትሽን አቃለልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ዛሬ አንብቤዋለሁ፤ ሐሙስ በዚያው ስብሰባ ላይ ይህንኑ እናገራለሁ።»

በአደባባይ የተበደለ ሰው በጓዳ ይቅርታ ሲጠየቅ ግማሹን ብቻ ተቀበለ። ዘኬዎስ የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው በሰው ፊት ቆሞ ነው (ሉቃስ 19፥8)። ደግሞም ይቅርታ ጠይቀው መልስ አይጠብቁ። «ይቅር ብለሃል አይደል?» ብሎ አለቃ ሲጠይቅ «አዎ» ከማለት ሌላ የበታች ምን ምርጫ አለው?

የሚጠይቅዎ ሰው

እስከ 5ኛው ሳምንት ብቻዎን ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ግን ራስዎን ማታለል ይጀምራሉ፤ ይህ የሁሉም ሰው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1742 በእንግሊዟ ብሪስቶል ከተማ የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሪ ጆን ዌስሊ ምእመናኑን 12 ያህል እያደረገ የመደባቸው ለስብሰባ ቤቱ ዕዳ ነበር፤ እያንዳንዱ በሳምንት አንድ ፔኒ ያዋጣል፣ መሪው ደግሞ እየዞረ ይሰበስባል። ገንዘብ ሊሰበስቡ የሄዱት ሰዎች የምእመናኑን ኑሮ ጓዳ ድረስ አዩት፤ አደረጃጀቱም መንፈሳዊ ክትትል ሆነ። ተጠያቂነት የሚሠራው እንዲህ ቋሚ ቀንና ተጨባጭ ጉዳይ ሲኖረው ነው።

ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይምረጡ። ቢያንስ አንዱ ደመወዙ፣ እድገቱ ወይም ውሉ በእርስዎ እጅ የሌለ ይሁን። የበታች ሠራተኛን የኑዛዜ ጓደኛ ማድረግ ለሁለቱም ጉዳት ነው፤ እሱ እውነቱን መናገር አይችልም፣ እርስዎም የነገሩትን ምስጢር በሥራ ምዘና ሰዓት ከአእምሮዎ ማውጣት አይችሉም። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰዓት ይበቃል። ጥያቄዎቹን እርስዎ አይጻፉ፤ እነሱ ይጻፉ። አንዱ ግን የግድ ይኑር፦ «አሁን ከመለስክልን ውስጥ እውነቱን ያሳጠርክበት አለ?»

በሥራ ቦታ መጀመሪያ የሚስተካከለው ደመወዝና ሚዛን ነው

እምነቱን ወደ ሥራው ለማምጣት የተነሳ ኃላፊ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በሚታይ ነገር ነው፤ ግድግዳ ላይ ጥቅስ፣ የስብሰባ መክፈቻ ጸሎት። መጽሐፍ ቅዱስ የሚጀምረው ሌላ ቦታ ነው። የሠራተኛው ዋጋ አንድ ሌሊት እንኳ አንተ ዘንድ አይደር (ዘሌዋውያን 19፥13)፤ የተከለከለው የአጫጆች ደመወዝ ራሱ ይጮኻል (ያዕቆብ 5፥4)። ደመወዝ ዘግይቶ ሳለ የጸሎት መርሐ ግብር መክፈት ከሁሉ የከፋው አጀማመር ነው።

በ5ኛው ሳምንት አንድ ወረቀት ላይ አራት ዝርዝር ያውጡ፦ ያልተከፈለ ትርፍ ሰዓት፣ ከውሉ ቀን ያለፈ የአቅራቢ ክፍያ፣ በቃል ቃል የተገባ ግን ያልተፈጸመ እድገት ወይም ጭማሪ፣ በእርስዎ ጠረጴዛ ላይ ፊርማ የሚጠብቅ የሰው ጉዳይ። የመጨረሻውን በዚያው ቀን ይጨርሱ። ለሌሎቹ ቀን ይቁረጡና ለባለጉዳዩ ይንገሩ፤ መክፈል የማይቻል ከሆነ «አይቻልም» ማለት «እናያለን» ከማለት ይሻላል። «አዎ» አዎ ይሁን የሚለው ትእዛዝ (ማቴዎስ 5፥37) በሥራ ቦታ በብዛት የሚጣሰው በዚች «እናያለን» ነው።

ዘሌዋውያን 19፥35-36 የሚናገርለት እውነተኛ ሚዛን ለብዙዎቻችን ዛሬ ሪፖርት ነው። የራስዎን የመጨረሻ ሦስት ሪፖርቶች አውጥተው የተጋነነውን ቁጥር በእርሳስ ያክብቡ። በሚቀጥለው ሪፖርት እውነተኛውን ቁጥር ከአጭር ማብራሪያ ጋር ያስገቡ። ዋጋ ያስከፍል ይሆናል፤ ይህን ቀድሞ ማወቅ ከሉቃስ 14፥28 የግንብ ሠሪው ስሌት አንዱ ነው።

ገንዘብን በተመለከተ ጳውሎስ ለድሆች የተሰበሰበውን መዋጮ ብቻውን አልያዘም፤ ማንም እንዳይነቅፍ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እናስባለን ብሎ አብረው የሚሄዱ ሰዎች ተመደቡ (2ኛ ቆሮንቶስ 8፥19-21)። ስለዚህ «እኔን እመኑኝ» መንፈሳዊ አነጋገር አይደለም። ግዢ የሚጠይቀው፣ የሚያጸድቀውና የሚከፍለው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ፤ ከሥራ ጋር ግንኙነት ካለው ሰው የመጣ ስጦታ በመዝገብ ይግባ፤ የዘመድ ወይም የአጥቢያ ወንድም ጉዳይ ሲመጣ እርስዎ ከውሳኔው ይውጡ፣ መውጣትዎም በቃለ ጉባኤ ይያዝ።

መስማትና ማካፈል

ምሳሌ 18፥13 ሳይሰማ የሚመልስን ሰው ሰነፍ ይለዋል፤ አራት ቁጥር ወረድ ብሎ ደግሞ ቀድሞ የተናገረ ባላጋራው መጥቶ እስኪመረምረው ድረስ ጻድቅ ይመስላል ይላል። ከሁለተኛው ጥቅስ ቀጥተኛ ደንብ ይወጣል፦ ስለ አንድ ሠራተኛ ክስ ከሰሙ ሠራተኛውን ሳይሰሙ ምንም አይወስኑ፣ ፊትዎንም አይለውጡበት።

ከእያንዳንዱ ቀጥተኛ ተጠሪ ጋር በየሁለት ሳምንቱ 30 ደቂቃ ይቀመጡ። የመጀመሪያው 15 ደቂቃ የእሱ ነው፤ አጀንዳውን እሱ ያመጣል፣ እርስዎ ይጽፋሉ። ዝም ካለ ለመሙላት አይቸኩሉ። «ሥራህን የሚያዘገይ ነገር እኔ ጋ አለ?» የሚለው ጥያቄ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጊዜ ነው እውነተኛ መልስ የሚያገኘው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠይቁ ሁሉም «የለም» ይላል። በተሰማው ቅሬታ ላይ አንድ ነገር እንኳ ካልተለወጠ በአምስተኛው ጊዜም «የለም» ይላል።

ተጠሪዎችዎ ከአሥር ከበለጡ ይህ አይቻልም፤ የዘጸአት 18 ጉዳይ ነው። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ሲፈርድ ዮቶር አይቶ «አትችለውም» አለው፤ መፍትሔውም የሺህ፣ የመቶ፣ የሃምሳና የአሥር አለቆች ሆነ። መመዘኛዎቹን ልብ ይበሉ፦ ችሎታ ያላቸው፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ የታመኑ፣ የግፍን ረብ የሚጠሉ። ችሎታ መጀመሪያ ተጠቅሷል፤ «ጸሎተኛ ነው» ተብሎ የማይችለውን መሾም ለሰውየውም መከራ ነው።

ሥራ ሲያካፍሉ ሦስት መስመር ጽፈው ይስጡ፦ ብቻህን የምትወስነው፣ ወስነህ የምታሳውቀኝ፣ ሳትወስን የምታመጣልኝ። ያለዚህ ወረቀት ሥራው ይተላለፋል፣ ሥልጣኑ ግን ጠረጴዛዎ ላይ ይቀራል። የተሾመው ሰው ሲሳሳትም ውሳኔውን በሌሎች ፊት አይሻሩበት፤ አንድ ጊዜ ከሻሩ ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው በቀጥታ ወደ እርስዎ ይመጣል።

እርማት

ማቴዎስ 18፥15-17 ያስቀመጠው መንገድ፣ መጀመሪያ ብቻህን፣ ቀጥሎ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰው ጋር፣ በመጨረሻ በጉባኤ፣ ለአብዛኛው የሥራ ግጭት ይበቃል። ብዙ ሰው የሚዘልለው የመጀመሪያውን ነው፤ ለሦስተኛ ሰው ነግሮ «እንድትጸልዩለት ነው» ይላል። ሐሜት የጸሎት ርእስ ሲለብስ ለመያዝ ያስቸግራል።

ነገር ግን ይህን ጥቅስ በማይገባው ቦታ መጠቀም አደገኛ ነው። ክፍሉ የሚናገረው ስለ ወንድምና ወንድም ነው። ትንኮሳ፣ ስርቆት ወይም በሥልጣን ማስፈራራት ሲመጣ ተበዳይዋን «መጀመሪያ ብቻሽን አነጋግሪው» ማለት ሌላ በደል ነው። በዚያው ቀን ወደ መደበኛው የቅሬታና የዲሲፕሊን ሥርዓት ይምሩት። ይቅርታ ልብን ያጸዳል፤ ምርመራንና ቅጣትን አያስቀርም።

ስለ እምነት መናገር

1ኛ ጴጥሮስ 3፥15 ለሚጠይቋችሁ በየዋህነትና በአክብሮት መልሱ ይላል። የሚጠይቅ ከሌለ ገና ሰዓቱ አይደለም። የአለቃ ግብዣ እንደ ትእዛዝ ስለሚሰማ የበታችን ወደ ጸሎት ፕሮግራም ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያንዎ አይጋብዙ። የእምነት ባልደረባን በቅጥርና በእድገት አያስቀድሙ። ክርክር ሲጠነክርም «እግዚአብሔር ነግሮኛል» ብለው አይዝጉት፤ ምክንያትዎን ያቅርቡ፤ ከእግዚአብሔር የሆነ ሐሳብ ጥያቄ ሲቀርብበት አይጠፋም።

ዕረፍት

የሰንበት ትእዛዝ ለጌታው ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ሎሌውንና ገረዱን በስም ይጠራል (ዘጸአት 20፥10)። እርስዎ በዕረፍት ቀንዎ የላኩት መልእክት የሌላውን ዕረፍት ይሰርቃል። ይጻፉት፣ ግን ለሥራ ቀን ጠዋት እንዲላክ ያዘጋጁት። ድካሙ «በቃኝ» እስከማለት ከደረሰ 1ኛ ነገሥት 19ን ያንብቡ፤ ኤልያስ ተኛ፣ በላ፣ እንደገና ተኛ፣ እንደገና በላ። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣለት ከዚያ በኋላ ነው።

በ12ኛው ሳምንት

ሳሙኤል በአገልግሎቱ መጨረሻ ሕዝቡን ሰብስቦ «የማንን በሬ ወሰድሁ? ማንን ሸነገልሁ? በማን ላይ ግፍ አደረግሁ?» ብሎ እንዲመሰክሩበት ጠየቀ (1ኛ ሳሙኤል 12፥3)። እርስዎም አራት ጥያቄ ያለበት ስም የማይጻፍበት ወረቀት ለቡድንዎ ይበትኑ፦ ቃሌን የት ላይ አጠፍሁ? ማንን አላዳመጥሁም? ለማን አዳላሁ? ባለፉት ሦስት ወራት ምን ተሻሻለ? ወረቀቶቹን የሚሰበስበው ሌላ ሰው ይሁን፣ ወደ እርስዎም በኮምፒውተር ተተይበው ይምጡ፤ የእጅ ጽሑፍ ባለቤቱን ያጋልጣል። ሲያነቡ ማን እንደጻፈው ለመገመት አይሞክሩ፤ ግምቱ ከጀመረዎት ወረቀቱን አስቀምጠው በማግሥቱ ጠዋት በ25 ደቂቃው ውስጥ ያንብቡት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ቡድኑን ሰብስበው ከመልሶቹ አንዱን ድምፅ አውጥተው ያንብቡ፣ የሚለውጡትን አንድ ነገርና ቀኑን ይናገሩ፣ ከዚያ ስብሰባውን ይዝጉ።